አባት ውጭ አገር፣ ልጅ ጅማ፦ የሕፃኑን ስም እስከ አያት አስተካክሎ ማስመዝገቢያ መንገድ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ይህ ጥያቄ ሳይነሣባት የሚያልፍ ሳምንት የለም። አራስ የታቀፈች እናት ትገባና ስልኳን ወደ እኔ ትዘረጋለች። በወዲያኛው በኩል ባልየው፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ፣ “እህቴ፣ እባክሽ ሰርኔም የሚለው ላይ ምን እንደሚጻፍ ንገሪያት” ይላል። እሷ ደግሞ የቀበሌውን ፎርም ገልብጣ ገልብጣ “ሰርኔም”፣ ማለትም የቤተሰብ ስም፣ የሚል ቦታ አላገኘችም።

አታገኝም። የኛ መዝገብ የሚጠይቀው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ብሎ ነበር፤ ወረቀት ላይ እንደተኛ ቀረ። ስለዚህ ውጭ ያለው ዓለም “ሰርኔም” ብሎ የሚያነበው ሦስተኛውን ስም፣ ማለትም የአያትን ስም ነው። ፓስፖርታችንም የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ ስምና የአባት ስም አንድ መስመር ላይ ይሆኑና የአያት ስም ሰርኔም ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። እናቶች ከእኔ ቤት ወጥተው ቀበሌ ከመግባታቸው በፊት ይህችን ነገር ከተረዱ ግማሹ ሥራ አለቀ እላለሁ።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ቁጠሩ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ለልደት የሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት 30 ቀን ነው ያላቸው፤ ልደት ብቻ ሰፋ ተደርጎለታል። በኛ አቆጣጠር መቁጠሩ ቀላል ነው፤ ጥር 12 የተወለደ ልጅ ሚያዝያ 12 ላይ 90 ቀን ይሞላዋል። ክረምት ላይ ለተወለደ ግን ጳጉሜን እንዳትረሱ። ሐምሌ 20 የተወለደ ልጅ ጳጉሜ 5 በሆነችበት ዓመት 90 ቀኑ ጥቅምት 15 ላይ ነው እንጂ ጥቅምት 20 ላይ አይደለም።

ጊዜውን የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ስም ማውጣቱ ነው። ሙስሊም ቤተሰብ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አውጥቶ ስሙን ስለሚጨርስ ብዙ አይቸገርም። ኦርቶዶክስ ቤት ግን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሡት። ሴት ልጅ ወልደው “ክርስትናዋ ይለፍ” ብለው ከጠበቁ የሚቀራቸው አሥር ቀን ነው። በነዚያ አሥር ቀናት ውስጥ አንድ ዓመት በዓል፣ አንድ “ሲስተም የለም”፣ አንድ “መብራት ጠፍቷል” ከገባ አለቀ። የክርስትና ስም መዝገቡ ላይ አይገባምና በሱ ምክንያት መዘግየት አያስፈልግም። የመጠሪያ ስሟን ወስናችሁ አስመዝግቡ።

ሁለተኛው ጊዜ በላ “አባትየው ወረቀት እስኪልክ” የሚባለው ነው። ወረቀቱ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ መቼ እንደማያስፈልግ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ለአሁኑ ይህችን ያዙ፦ ባለትዳር ከሆናችሁ የአባትየው አለመኖር ምዝገባውን አያስቆምም። በአዋጁ መሠረት የልደት አስመዝጋቢ አባት ወይም እናት ነው፤ “ወይም” ነው የሚለው።

90 ቀኑ ካለፈስ? ይመዘገባል፣ ግን “የዘገየ” ተብሎ ነው፤ የምትጠየቁት ማስረጃም ምልልሱም ይጨምራል።

የሦስቱ ስም ሕግ

አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፤ ልጁን ናሆም፣ አባቱን ዳዊት አበራ ቶሎሳ እንበላቸው። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ አንደኛ ስም ነው፤ የልጁ ሦስተኛ ስም የአባቱ ሁለተኛ ስም ነው። ናሆም ዳዊት አበራ። ሌላ የለም።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። አባትየው ከወዲያ ማዶ ይደውልና “የኔ ሰርኔም ቶሎሳ ነው፤ የልጄ አበራ ከሆነ ልጄ አይደለም ሊሉኝ ነው፤ ቶሎሳ ብለሽ አስመዝግቢ” ይላል። ጭንቀቱ ይገባኛል። እዚያ አገር አባትና ልጅ አንድ ሰርኔም ነው ያላቸው፤ ሚስትም ብዙ ጊዜ ትጨመራለች። እኛ ቤት አባት ቶሎሳ፣ ልጅ አበራ፣ እናት ደግሞ የራሷን አባትና አያት እንደያዘች ሌላ ናት። ወረቀቱን ላየ የውጭ አገር ጸሐፊ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ።

ቢሆንም አታድርጉት። ፎርሙ ላይ የተጠየቀው የአያት ስም ነው፤ ናሆም አያቱ አበራ እንጂ ቶሎሳ አይደለም። ቶሎሳ ብላችሁ ካጻፋችሁ መዝገቡ የዳዊትን አባት ቶሎሳ አደረገው ማለት ነው፤ የዳዊት የራሱ መታወቂያና ፓስፖርት ግን አባቱ አበራ ነው ይላሉ። የሰርኔሙን ጥያቄ ለመሸሽ ብላችሁ አባትነቱን ራሱን ጥያቄ ውስጥ ከተታችሁት። ነገ ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ አንደኛው አበራ፣ አንደኛው ቶሎሳ ሆነው ወንድማማቾች አይመስሉም። ይህን ያደረጉ ሰዎች ሁለት ዓመት ቆይተው ለማስተካከል ሲመጡ አይቻለሁ፤ በሕይወቴ ከተየብኳቸው ማመልከቻዎች ረጃጅሞቹ የነሱ ናቸው።

ለውጭው ጸሐፊ መልሱ ማስረዳት ነው። ሰርኔም የሌለው አገር እኛ ብቻ አይደለንምና ቪዛና የቤተሰብ ማገናኘት የሚሠሩት ክፍሎች ይህን ይረዳሉ። አባትየው ማመልከቻው ላይ አንድ አጭር አንቀጽ ጨምሮ “በኢትዮጵያ አሰያየም ልጅ የአባቱን ስም ሁለተኛ፣ የአያቱን ስም ሦስተኛ አድርጎ ይይዛል፤ በዚህ ምክንያት የእኔና የልጄ የመጨረሻ ስም ይለያያል” ብሎ ይጻፍ፤ ከተቻለም ካለበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ያውጣ።

ሕጉ የውጭ ዜግነት የያዙትንም ይገዛል፤ እዚያ እንዲያውም ይቀላል። አባትየው ዜግነት ሲወስድ ዳዊት አበራ ተብሎ በሁለት ስም ብቻ ከተመዘገበ ሰርኔሙ አበራ ሆኗል፤ ልጁ ናሆም ዳዊት አበራ ሲባል በራሱ ገጠመ። አባትየው ጭራሹን የውጭ አገር ሰው ሆኖ፣ ማርኮ ሮሲ እንበል፣ ልጅቷ ኤደን ማርኮ ሮሲ ትባላለች። እዚህ ላይ “የአያት ስም” የሚለውን ቃል በቃል ወስደው የማርኮን አባት የግል ስም ፈልገው የሚያስጽፉ አሉ። በኋላ የአባትየው አገር ቆንስላ “ሮሲ የታለ?” ብሎ ይመልሳቸዋል። የአባቱ አንደኛና ሁለተኛ ስም፣ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው። በቃ።

ዜግነቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። አባትየው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ይያዝ፣ ጣሊያናዊ ይሁን፣ እናት ኢትዮጵያዊት እስከሆነች ድረስ “ይህን ልጅ የት ነው የምንመዘግበው?” የሚል ጥያቄ ሊነሣ አይገባም።

ፊደሉ፦ እኛ ጅማ ያለን ሰዎች የምንቃጠልበት

ከዚህ በታች ያለው አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ላይታየው ይችላል። ጅማ የኦሮሚያ ከተማ ናት፤ ቢሮው የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መዝገቡም በቁቤ ይጻፋል። ቁቤና ፓስፖርት የሚጠቀሙት ፊደል አንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ቢሆንም አጻጻፋቸው አንድ አይደለም። በቁቤ “ጠ” የሚጻፈው በኤክስ ነው፤ “ቀ” በኪው፤ “ጨ” ደግሞ በሲ ብቻ። ፓስፖርት ላይ “ጠ” በቲ፣ “ቀ” ብዙውን ጊዜ በኬ፣ “ጨ” በሲ-ኤች ነው። በዚያ ላይ ቁቤ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ፓስፖርት አንዴ ጽፎ ያልፋል።

የእህቴን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። አያቱ ጣሂር ይባላሉ። አባቱ ባሕረ ሰላጤው አገር ነው ያለው፤ ፓስፖርቱ ላይ የአባቱ ስም በቲ ጀምሮ ተጽፏል። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ የምለው ሴትዮ፣ ያን ቀን ሱቅ ስለበዛብኝ እህቴን ብቻዋን ላክኋት። ጸሐፊው በቁቤ ሕግ ትክክል አድርጎ በኤክስ ጀመረ፣ “ኣ”ንም ደገማት፤ እህቴም ስሙ በትክክል ሲነበብላት ሰምታ ፈረመች። ወረቀቱን ላክነው። ከዚያ የመጣው መልስ የልጁ አያት የተባለው ሰው ሌላ ነው የሚል ነበር፤ ለነሱ በቲ የሚጀምረውና በኤክስ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ሽማግሌዎች ናቸው። ለማረም አራት ወር ፈጀብን። ጸሐፊው አልተሳሳተም፤ እኛም ስሙን አልተሳሳትንም፤ ወረቀት ይዘን ባለመሄዳችን ነው የተሳሳትነው።

ስለዚህ የኔ ደንብ ይህ ነው። አባትየው የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ይላክ፤ ሥዕል ሆኖ ሳይሆን ፋይል ሆኖ፣ ፊደሉ እንዳይደበዝዝ። አትሙት። ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ላይ ሦስቱን ስም በትልቁ፣ ፊደል በፊደል፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ገልብጡ። ቀበሌ ስትደርሱ ስሙን በቃል ከመናገራችሁ በፊት ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አድርጉና “የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከአባቱ ፓስፖርት ጋር አንድ እንዲሆን እፈልጋለሁ” በሉ። በአፋን ኦሮሞው በኩል ቁቤው ይቀመጥ፣ ቋንቋው ነው፤ በእንግሊዝኛው በኩል ግን የፓስፖርቱ ይከተል። ጸሐፊዎቹ አስቀድሞ ከተነገራቸው አይቃወሙም፤ የሚናደዱት ከታተመ በኋላ ስትመጡ ነው።

የጅማ ሰው ሌላም ጣጣ አለው፦ “አባ”። አያቶቻችን አባ ጊሳ፣ አባ ፊጣ፣ አባ መጫ ናቸው። አንዱ መታወቂያ ላይ አንድ ላይ ተገጥሞ ይጻፋል፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ። ተለያይቶ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ “አባ”ን አንድ ስም፣ “ጊሳ”ን ሌላ ስም አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ልጁ አራት ስም ያለው ይመስላል፣ ወይም “አባ” ተቆርጦ ይወድቅና ሰርኔሙ ጊሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የአባትየውን ፓስፖርት ተመልከቱ። እዚያ ላይ ከተገጠመ ግጠሙት፤ ከተለያየ ለዩት። “በጥንቱ ወግ እንዲህ ነው” ብሎ ከጸሐፊ ጋር መከራከር ለሽማግሌዎች ይቆይ።

ወረቀቶቹ

እናት ይዛ የምትሄደው ይህ ነው፦ የራሷ መታወቂያ፣ ልጁ ከተወለደበት የጤና ተቋም የተሰጠ የልደት ማሳወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የአባትየው መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ ከተጠየቀ ፎቶ። ፋይዳ ካላት የፋይዳውን ቁጥር ትያዝ። ሁሉንም ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም። (ኮፒ እኔ ጋ እንድታነሡ አይደለም፤ ኦሪጅናል አይቶ ኮፒ የሚያስቀር ቢሮ ስለሆነ ነው።)

የልደት ማሳወቂያዋን ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቁ። ጅማ ሕክምና ማዕከል ይሁን ሸነን ጊቤ፣ ወይም ጤና ጣቢያ፣ ከወጡ በኋላ ተመልሶ ካርድ ክፍል ፋይል ማስፈለግ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ቤት ውስጥ የተወለደ ከሆነ የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሩ።

ማሳወቂያዋ ላይ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ የእናት ስም እስከ አያት መታወቂያዋ ላይ እንዳለው መሆኑን፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ስሟን ስትጠየቅ ማን እንደመለሰላት አይታወቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ አማቷ ናቸው። ሁለተኛ ቀኑን። ሆስፒታሉ በፈረንጅ ጽፎ ቀበሌው በኢትዮጵያ ሊመዘግብ ይችላል። ጥር 12 ቀን 2017 ማለት ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ጥር 12 ቀን 2016 ጃንዋሪ 21 ላይ ነበር የዋለው፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን ተከታዩ ዓመት በአንድ ቀን ስለሚገፋ። በልምድ እየደመሩ አትቀይሩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ልጅም አለ፤ ቤተሰቡ “ማክሰኞ ማታ” ይላል፣ ሆስፒታሉ ረቡዕ ብሎ ጽፏል። የሆስፒታሉን ያዙ።

ጋብቻው በኒካ ወይም በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ የተፈጸመ ሆኖ ወሳኝ ኩነት ላይ ካልተመዘገበ ያንን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሃይማኖታዊውም ባህላዊውም ጋብቻ በሕግ ይታወቃል፣ ግን የቀበሌው ጸሐፊ ማየት የሚፈልገው የክብር መዝገብ ሹም፣ ማለትም ምዝገባውን የሚያጸድቀው ኃላፊ፣ የፈረመበትን ነው። ለልጁ ስትሄዱ ለጋብቻው ተመልሳችሁ እንዳትመጡ።

ባለትዳር ከሆናችሁ

በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ በሕግ ይገመታል። ስለዚህ እናት የጋብቻ ወረቀቷን ይዛ ልጇን በባሏ ስም ታስመዘግባለች፤ ፈቃድም ውክልናም አያስፈልጋትም። “አባትየው ራሱ ይቅረብ” የሚል መልስ ካጋጠማችሁ አትጩኹ፤ “አዋጅ 760 አባት ወይም እናት ይላል፤ የክብር መዝገብ ሹሙን ላነጋግር” በሉ። በጨዋነት የተባለ “ሹሙን ላነጋግር” ብዙ በር ሲከፍት አይቻለሁ።

ከአባትየው የምትፈልጉት የፓስፖርቱን ኮፒ፣ ፊደሉን፣ የትውልድ ዘመኑን፣ ዜግነቱንና የሚኖርበትን አገር ነው፤ ፎርሙ የወላጆችን ዝርዝር ይጠይቃልና። የትውልድ ዘመኑን በቃል የምታውቅ ሚስት ጥቂት ናት፤ ብታውቅም በኢትዮጵያ ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ይሆናል።

የፓስፖርቱ ስምና የቀበሌው ስም ሲለያይ

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። አረብ አገር ከሄዱት ውስጥ በመታወቂያው አንድ ሆኖ በፓስፖርቱ ሌላ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ደላላው ዕድሜ ጨምሮለት፣ ስም ቀይሮለት ሄዷል። ኢቃማውም (የመኖሪያ ፈቃዱ) በፓስፖርቱ ስም ወጥቷል። አሁን ልጁ በየትኛው ይጠራ?

የኔ ምክር ልጁ በእውነተኛው ስም፣ የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ባለው ስም ይመዝገብ የሚል ነው። የጋብቻ ወረቀቱ አህመድ እያለ የልደት ወረቀቱ ካሊድ ካለ፣ ጋብቻው ለልጁ አባት ማስረጃ መሆኑ ይቀራል፤ ሚስቲቱ ከሁለት ሰው ጋር የኖረች ትመስላለች። ከዚያ አባትየው “ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው” የሚለውን ለፍርድ ቤት አመልክቶ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ውሳኔ ያውጣ። ይህን ከውጭ ሆኖ በውክልና ማስጀመር ይችላል። ደክሞ ማውጣት ነው፤ ግን ያቺ ውሳኔ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም፣ ለመሬቱም፣ ለራሱ መመለሻም ትሆነዋለች።

ጋብቻ ከሌለ

አባትየው ውጭ፣ እናት እዚህ፣ ኒካም ቀለበትም የለም። እናት በቃሏ ብቻ “አባቱ እገሌ ነው” ብላ ማስጻፍ አትችልም። አባትየው ልጁን ልጄ ነው ብሎ መቀበል አለበት፤ ሩቅ ከሆነ ይህን ካለበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ በጽሑፍ ያደርጋል። ጽሑፉ ላይ የልጁ ስም፣ የተወለደበት ቀንና ቦታ፣ የእናቲቱ ስም እስከ አያት፣ “ልጄ መሆኑን ተቀብያለሁ” የሚል ግልጽ ቃል፣ ልጁ በሱ ስም እንዲጠራም መስማማቱ ይግባ። “ጉዳዬን ሁሉ እንድትፈጽም” የሚል ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይበቃም፤ አባትነት በጅምላ ውክልና የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ኤምባሲው በሌለበት ከተማ ያለ ሰው እዚያው አገር ውልና ሰነድ የሚያረጋግጥ ዘንድ ፈርሞ፣ የዚያ አገር ውጭ ጉዳይ አረጋግጦለት፣ ከዚያ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማኅተም አድርጎበት ይልካል። እዚህ ሲደርስ የኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። ዋናውን ወረቀት ነው የሚፈልጉት፤ የስልክ ፎቶ አይሆንም። ሰው በሻንጣ ይዞት ሲመጣ ሁለት ኦሪጅናል ይያዝ፣ አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር። ወደ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከመጓዛችሁ በፊት ቅርብ የሚሠራበት ቢሮ እንዳለ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ።

ወረቀቱ እስኪመጣ 90 ቀኑ ሊያልፍ ነው እንበል። ያኔ ልጁን በእናት በኩል አስመዝግባችሁ የአባትየውን ክፍል በኋላ ማስሞላት ይሻላል፤ የልደቱ ቀንና ቦታ በጊዜው ይያዛል። የማይሆነው ግን የአጎትን ወይም የእናትን አባት ስም በአባት ቦታ ማስገባት ነው። “ለጊዜው የአባቴን ስም ሰጥቼዋለሁ” የምትል እናት ብዙ ጊዜ ትመጣለች፤ አሳቢነት ነው፣ ልጅ ባዶ ስም እንዳይዝ ነው። በወረቀት ግን ልጇን ወንድሟ አደረገችው። እውነተኛው አባት መጥቶ ልጄ ነው ሲል መጀመሪያ ያንን ማፍረስ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ፍርድ ቤት ነው።

አባትየው አልቀበልም ካለ ጉዳዩ የምዝገባ ሳይሆን የአባትነት ክስ ነው፤ ጠበቃ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ አገልግሎት ይሻላችኋል እንጂ ፎቶ ኮፒ ቤት አይደለም።

ውጭ ያለችው እናት ስትሆን

ወልዳ አራስነቷን ጨርሳ ወደ ቤይሩት የተመለሰች፣ ልጁን ለአያት የተወች። የልጁ ስም አይለወጥም፤ የሚቸግረው የእናት ስም መጻፊያው ነው። አባት ካለ እሱ ያስመዘግባል፤ ሁለቱም ከሌሉ ልጁን የያዘችው አያት አሳዳሪ ሆና ማስመዝገብ ትችላለች። የእናቲቱን የፓስፖርት ኮፒ ያዙና ስሟ ከልደት ማሳወቂያው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ልጁ እዚያው ውጭ ከተወለደ ግን ቀበሌ አትሂዱ፤ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው።

ቀበሌ ላይ

እናት መታወቂያ ባወጣችበት ቀበሌ ሂዱ። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ባጃጅም ሰልፍም ይበዛል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ጥሩ ነው። አፋን ኦሮሞ የማታነቡ ከሆነ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትፈርሙት የምታውቁትን እንዲሆን።

ጸሐፊው ከሞላ በኋላ ከመፈረማችሁ በፊት እንዲያነብላችሁ አትጠይቁ፤ በዓይናችሁ እዩት። መነበብ ነው እህቴን ያሳሳታት። ጣታችሁን በአባትየው ፓስፖርት ኮፒ ላይ፣ ሌላ ጣታችሁን በስክሪኑ ወይም በፎርሙ ላይ አድርጋችሁ ፊደል በፊደል ሂዱ። የልጁ ስም፤ የአባት ስም፤ የአያት ስም፤ የእናት ስም እስከ አያት፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፤ ጾታ። ጾታ ስል አትሳቁ፣ ስሙ ለሁለቱም የሚሆን ከሆነ፣ ለምሳሌ ደስታ፣ ይሳሳታል።

ወረቀቱ ወጥቶ ሲሰጣችሁ ማኅተሙ ከሹሙ ፊርማና ቲተር ጋር መኖሩን እዩ። የማኅተሙ ቀለም ደብዝዞ የአያት ስም ላይ ከወደቀ ሌላ ይታተምላችሁ በሉ። ያቺን ፊደል ነው ነገ ቪዛ የሚሰጠው ሰው በማጉያ የሚያያት።

ስሕተት ካገኛችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ። የፊደል ስሕተት ማረምና ስም መለወጥ የተለያዩ ናቸው። ፓስፖርትና መታወቂያ ይዛችሁ “ይህ ፊደል በስሕተት ነው” ማለት ምዝገባ ክፍሉ የሚያየው ጉዳይ ነው፤ “ሐሳባችንን ቀየርን፣ አበራ ይቅርና ቶሎሳ ይሁን” ማለት ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

ቤት ስትደርሱ ዋናውን በፕላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ላሚኔት ግን አታስደርጉት፣ ውጭ ጉዳይ ማኅተም የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ለአባትየው ከመላካችሁ በፊት ስካን አስደርጉ፣ በስልክ አንስታችሁ አይደለም፤ ማዕዘኑ ከተቆረጠ የመዝገብ ቁጥሩ አብሮ ይቆረጣል።